ከልጆቻችን ጋር በቋንቋችን እንድንነጋገር ተዉን

ለተከበራችሁ ርእሳነ መምህራንና መምህራን፣
ለተከበራችሁ የሕፃናት ሐኪሞችና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች፣
በያላችሁበት

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያደረገን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ልጆቻችን በቦርሳቸው ይዘውት የመጡት አንድ ገጽ ማሳሰቢያ ነው። በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ወላጆች፣ ልጆቻቸው በትምህርት ወደ ኋላ እንዳይቀሩ፣ ከእንግዲህ በቤት ውስጥም በማስተማሪያው ቋንቋ ብቻ እንዲያነጋግሯቸው ይላል። ከግርጌው የወላጅ ፊርማ ቦታ አለው። ያልፈረመ ወላጅ ምን እንደሚገጥመው አልተጻፈምና ሁሉም የየራሱን ስጋት አሰበ፤ ብዙዎቻችንም ፈርመን መለስን። አንዳንዶቻችን በዚያው ምሽት የተባልነውን መፈጸም ጀመርን።

ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ርእሰ መምህሩን አነጋግረን በጨረስነው ነበር። ተሰባስበን ስንነጋገር ግን ይህንኑ ምክር አንዷ ከሕፃናት ክሊኒክ፣ ሌላው ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ሌላዋም ራቅ ብላ ስትኖር ከንግግር ሕክምና ባለሙያ እንደሰማች ሰማን። ቃሉ ይለያያል እንጂ ትእዛዙ አንድ ነው፦ የቤታችሁን ቋንቋ ተዉት። ስለዚህ ደብዳቤያችንን በግልጽ ለሁላችሁም ለመጻፍ ወሰንን።

ማን እንደሆንን በአጭሩ እንናገር። በመካከላችን አባትና እናት በሁለት ቋንቋ ያደጉበት ቤት አለ፤ አያት በሦስተኛ ቋንቋ የሚጸልዩበት ቤትም አለ። አንዲት አባላችን በዩኒቨርሲቲ በተማረችበት ቋንቋ ስለ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ብታወራ አይደክማትም፤ ልጇን ማባበል ሲያስፈልግ ግን ያ ቋንቋ ከአፏ አይወጣም። በተወለደችበት ቋንቋ ደግሞ ታባብላለች፣ ትቆጣለች፣ ትመርቃለች፤ ሥራዋን በዚያ ቋንቋ አስረጂ ብትባል ግን ትቸገራለች። እኛ ዘንድ ይህ ጉድለት አይደለም። ቋንቋዎቻችን ሥራ ተከፋፍለው አብረውን ይኖራሉ። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ኑሮውን የሚመራው ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ እንደሆነ ይገመታልና ብርቅ ፍጥረቶች አይደለንም።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ምክሩ የተሰጠን ሳንጠየቅ መሆኑ ነው። ልጁ በቤቱ ምን ይሰማል? ከማን ጋር በምን ቋንቋ ያወራል? ከመቼ ጀምሮ? የሚለን ሰው አልነበረም። ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ዝም ትላለች በሚል ወደ ምርመራ ተላከች። መርማሪዋ የሥዕል ካርዶች አንድ በአንድ እያነሣች በማስተማሪያው ቋንቋ ብቻ ጠየቀቻት። ልጅቷ «እርሳስ» እና «ወንበር» የሚሉትን ወዲያው መለሰች፤ ማንኪያ፣ ትራስ፣ ክዳን ሲመጣ ግን ዝም አለች። እነዚህን ዕቃዎች የምታውቃቸው በቤቷ ነው፤ ስማቸውንም የምታውቀው በእናቷ ቋንቋ ነው። አንዱን እንዲያውም በእናቷ ቋንቋ ተናግራው ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የተመዘገበው ግን «አልመለሰችም» የሚል ነው። ይህችው ልጅ ቤቷ ስትገባ ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታዛንፍ ትናገራለች፣ ከወንድሟ ጋር ትከራከራለች፣ አያቷ የዘለሉትን ታስታውሳቸዋለች። ውጤቷ «የቋንቋ እድገት መዘግየት» ተብሎ ተጻፈ።

በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ቃላቱን ለሁለት ተከፍለው ነው የሚያገኛቸው። የአንዱን ወገን ብቻ ቆጥሮ ልጁ ጎድሎታል ማለት ከሁለት ኪሱ አንዱን ብቻ ፈትሾ ድሃ ነህ እንደማለት ነው። በዚህ መስክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሁለቱም ቋንቋ ቃላት አብረው መቆጠር እንዳለባቸው ከተናገሩ ዓመታት አልፈዋል። እውነተኛ የቋንቋ እክል ያለበት ልጅ እክሉ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታይበታል። በአንዱ እያወራ በሌላው ዝም የሚል ልጅ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። የጊዜው ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ በካናዳ ተመራማሪው ጂም ከሚንስ የስደተኛ ልጆችን ውጤት መርምሮ እንዳሳየው ልጆች በአዲስ ቋንቋ ለመጫወትና ለመግባባት ሁለት ዓመት ገደማ ሲበቃቸው፣ በትምህርት ቋንቋ እኩዮቻቸው ላይ ለመድረስ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል። በእኛ ልጆች ላይ ግን በመጀመሪያው የፈተና ወቅት ተፈረደባቸው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከሁሉም ይከብደናል፤ እናንተ በቤታችን ስለሌላችሁ አላያችሁትም፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርገን እንነግራችኋለን።

በመካከላችን በራሱ ቋንቋ ጨዋታ አዋቂ የሆነ አባት አለ። ማታ ማታ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ በልጅነቱ ያየውን፣ ከአባቱ የሰማውን፣ አንዳንዴም እዚያው የፈጠረውን ያወራለት ነበር። የማስተማሪያውን ቋንቋ የሚያውቀው ለሥራው በሚበቃው ልክ ነው። ማሳሰቢያው ከመጣ በኋላ ታዛዥ ሆኖ በዚያ ቋንቋ ብቻ ማነጋገር ጀመረ። የቀሩት ቃላት «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «የቤት ሥራህን ሠራህ?» የሚሉ ናቸው። ታሪኩን በሌላው ቋንቋ ሊናገረው ሲሞክር መሀል ላይ ቃል ያጥረዋል፤ ልጁም ይሰለቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ልጁ የአባቱን አነጋገር በሰው ፊት ማረም ያዘ። አባትየው አሁን በልጁ ፊት መናገር ያፍራል። ይህ ሰው ትናንት በቤቱ የሚደመጥ አባት ነበር። ልጁ በቋንቋ ትምህርት ያገኘው ነጥብ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ያጣውን የሚመዘግብ የውጤት ካርድ ግን የለም።

ከአያቶች ጋር የሆነውም ከዚህ አይሻልም። በስልክ ሲገናኙ ልጁ በቃሉ የያዛትን ሰላምታ ብሎ ስልኩን መልሶ ለእናቱ ይሰጣል። አያት ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። እናት በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ትሆናለች፤ በአስተርጓሚ የሚደረግ የአያትና የልጅ ልጅ ወሬ ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ የቋንቋ ተመራማሪዋ ሊሊ ዎንግ ፊልሞር ከባልደረቦቿ ጋር ከ1,000 በላይ ቤተሰቦችን ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ጥናት፣ ልጆች ገና በሕፃንነታቸው በእንግሊዝኛ ብቻ ወደሚያስተምሩ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ የቤታቸውን ቋንቋ እየተዉ እንደሚሄዱ፣ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር መነጋገር እየተሳናቸው እንደሚመጣ አሳይታለች። ወላጅ ልጁን የሚመክረው፣ የሚገሥጸው፣ ከክፉ የሚመልሰው በንግግር ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ችግር ሲገጥመው ለአባቱ የሚነግርበት ቋንቋ ከሌለው ለማን ይነግራል?

በኮሚቴያችን ውስጥ ይህ ምክር በልጅነታቸው የተፈጸመባቸው፣ ዛሬ ወላጆች የሆኑ አባላትም አሉ። የእናታቸውን ቋንቋ ሲሰሙ ይገባቸዋል፤ ሊመልሱ ሲሉ አፋቸው ይያዛል። ዘመድ ሲሞት ከሐዘንተኛው ፊት ቆመው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ከማለት ያለፈ የሚናገሩት ቃል አያገኙም። ሰው ሁሉ «ለምን አትናገርም?» ይላቸዋል፤ በአራት ዓመታቸው የመረጡት ይመስል። ከእነዚሁ አንዷ እናቷ በእርጅና የመርሳት ሕመም ያዛቸው። በዚህ ሕመም ከሚያዙ ብዙ አረጋውያን እንደሚታየው፣ በኋላ የተማሩት ቋንቋ እየጠፋባቸው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ሌሊት ይጣራሉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ምን እንደፈለጉ ለማወቅ በስልክ አክስቷን ትቀሰቅሳለች። የዛሬ ምክራችሁ የሚደርሰው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ስትመክሩ ይህንንም እንድታስቡ እንፈልጋለን።

ሦስተኛ፣ ምክሩ የቆመበት ምክንያት ያረጀና የተሻረ ነው። ሁለት ቋንቋ የልጅን አእምሮ ያደናግራል የሚለው አስተሳሰብ በአንድ ወቅት በጥናት ተደግፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ሴር የተባለ ተመራማሪ በብሪታንያዋ ዌልስ ልጆችን ፈትኖ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩት አነስተኛ ውጤት እንዳመጡ ጻፈ። ልዩነቱ የታየው ግን በገጠር ልጆች ላይ ነበር፤ በከተማ ልጆች ላይ አልታየም። ከቋንቋው ይልቅ የኑሮው ልዩነት መመርመር ነበረበት፤ አልተመረመረም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤልሳቤጥ ፒል እና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል የአሥር ዓመት ልጆችን በኑሮ ደረጃ አስተካክለው ሲያወዳድሩ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩት የተሻለ ውጤት አመጡ። በዚያ ጥናት የልጆች አመራረጥ ላይም በኋላ ጥያቄ ተነሥቷል፤ እኛም ሁለት ቋንቋ ልጅን ሊቅ ያደርጋል ብለን አንከራከርም። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ጥናቶች ሁለት ቋንቋ ለልጅ ጉዳት ነው የሚለው አለመደገፉ ይበቃናል።

ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቋንቋ መቀላቀሉም የግራ መጋባት ምልክት ተደርጎ ተነግሮናል። ሁለት ቋንቋ የሚያውቁ አዋቂዎች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ይቀላቅላሉ። ልጁም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ደግሞ ቶሎ ያስተካክላል። በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም።

ለንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ግን የተለየ ቃል አለን። በመካከላችን ዳውን ሲንድረም (ከልደት ጀምሮ ያለ፣ የልጅን እድገት የሚያዘገይ ሁኔታ) ያለበት ልጅ እናት አለች። «ለእርሱ አንድ ቋንቋም ይከብደዋል፤ ሁለተኛ አትጨምሪበት» ተባለች። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሁለት ቋንቋ የሚያድጉት በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉ አቻዎቻቸው ወደ ኋላ እንዳልቀሩ አሳይተዋል። ይህች እናት ግን ምክሩን ሰምታ፣ በደንብ በማታውቀው ቋንቋ ልጇን በአጫጭር ቃላት ማነጋገር ጀመረች። ከማንም በላይ ብዙ ንግግር መስማት የሚያስፈልገው ልጅ ከማንም ያነሰ ንግግር የሚሰማ ሆነ። ዘፈኗንም አቆመች፤ ዘፈኖቿ በሙሉ በቋንቋዋ ነበሩና። ለባለሙያዎች ያለን አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አንችልም።

አራተኛው ቅሬታችን በግቢው ውስጥ ስለሚደረገው ነው። በየክፍሉ በእረፍት ሰዓት ሌላ ቋንቋ የተናገረ ልጅ ስሙ ይመዘገባል፤ የሚመዘግበው የክፍል አለቃው ነው፤ የተመዘገበው ሌሎች ሲጫወቱ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዌልስ ትምህርት ቤቶች ዌልስኛ የተናገረ ልጅ አንገት ላይ እንጨት ይንጠለጠል ነበር፤ ልጁ ከእንጨቱ የሚገላገለው ሌላ ዌልስኛ የተናገረ ልጅ ሲገኝ ነው፤ በቀኑ መጨረሻ እንጨቱ አንገቱ ላይ የተገኘው ይቀጣል። በፈረንሳይ ብሪታኒ፣ በጃፓን ኦኪናዋም ተመሳሳይ ነገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተሠርቶበታል። በዚህ ቅጣት ልጆች የተማሩት እርስ በርስ መሰላለልና በእናታቸው ቋንቋ ማፈር ነው። የእኛም ልጆች ይህንኑ እየተማሩ ነው፤ አንዱ ልጅ እናቱ ልትወስደው ስትመጣ በበሩ ላይ «እዚህ አታናግሪኝ» ብሏታል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 29 ትምህርት ልጁ ለወላጆቹ፣ ለራሱ ባህላዊ ማንነትና ለቋንቋው አክብሮት እንዲኖረው የሚያደርግ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የስም መዝገቡ ከዚህ ድንጋጌ ጋር እንዴት እንደሚስማማ መልስ እንጠብቃለን።

አምስተኛ፣ ቋንቋችንን ተዉት የሚሉን ተቋማት ራሳቸው በቸገራቸው ጊዜ የልጆቻችንን ቋንቋ ይጠቀማሉ። በወላጆች ስብሰባ ልጆች ያስተረጉማሉ። በሐኪም ቤትም እንዲሁ፤ ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ፣ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ በሐኪሙና በእናቷ መካከል ተቀምጣ የምርመራ ውጤት እንድታስተረጉም ተደርጋለች። የቤት ቃላትን ሁሉ ታውቃለች፤ የበሽታውን ስም ግን በእናቷ ቋንቋ አታውቀውም። ገባኝ ያለችውን ተናገረች፤ የከበዳትን ዘለለችው፤ እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሐኪሙም እንደተግባቡ ቆጠረ። ለእናቷ ያልነገረችውን ነገር ልጅቷ ይዛው ወደ ቤት ገባች። ይህ በየትኛውም መመዘኛ በልጅ ላይ የሚጫን ሸክም አይደለም።

አንድ ነገር እንዳይዛባብን እንፈልጋለን። የማስተማሪያውን ቋንቋ አንቃወምም። ልጆቻችን እርሱን አጥርተው እንዲናገሩና እንዲጽፉ ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን፤ ቋንቋ ያጠረው ሰው በቢሮ መስኮት ፊት ምን እንደሚሆን በራሳችን ላይ አይተነዋልና። በቤታቸው ያንን ቋንቋ ብቻ ለመናገር የመረጡ ወላጆችም አሉ፤ ምርጫቸውን እናከብራለን። የምንቃወመው ምርጫው ከእጃችን መወሰዱን ነው። ልጁ አዲሱን ለመያዝ አሮጌውን መጣል የለበትም።

የተጣለ ቋንቋ ተመልሶ ለማንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ከሌሎች ማየት ይቻላል። በሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣ ሕግ እንግሊዝኛን የትምህርት ቤት ቋንቋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወላጆችና መምህራን የመጀመሪያውን የሃዋይኛ መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍቱ፣ ከኒኢሃው ደሴት ውጪ ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በኒው ዚላንድም የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ከእነርሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው አያቶችን ሰብስበው ሕፃናት አጠገብ ማስቀመጥ ግድ ሆኖባቸዋል፤ በመሀል ያለው ትውልድ አብዛኛው ቋንቋውን አያውቀውም ነበርና። እኛ አያቶቹ ገና በቤታችን አሉ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ትምህርት ቤቱ ማሳሰቢያውን በጽሑፍ ይሻርልን፤ መሻሩም ማሳሰቢያው በደረሰበት መንገድ ለእያንዳንዱ ወላጅ ይድረስ። በቃል «ይቅር» መባሉ አይበቃንም፤ የፈረምነው በወረቀት ነው።

የስም መዝገቡ ዛሬውኑ ይቁም። ለዚህ ስብሰባም ጥናትም አያስፈልግም።

ልጅ ሲመዘገብ በቤቱ ማን በምን ቋንቋ እንደሚያናግረው የሚጠይቅ ቦታ በቅጹ ላይ ይኑር፤ ለአንድ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ላሉት ሁሉ የሚበቃ ቦታ።

ልጅ ለቋንቋ ምርመራ ሲላክ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይመርመር። ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ አዋቂ አስተርጓሚ ይቅረብ፤ ያም ካልተቻለ ውጤቱ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተገኘ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። እስካሁን የተጻፉትም እንደገና ይታዩ። ከአምስት ዓመቷ ልጅ እንጀምር።

በሐኪም ቤትም ሆነ በወላጆች ስብሰባ ልጆች እንዳያስተረጉሙ በመመሪያ ይከልከል። ከእኛ መካከል በዚህ ለማገልገል ፈቃደኛ የሆኑ ወላጆች አሉ፤ ስም ዝርዝራቸውን ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ወላጅን ቋንቋህን ተው የሚል ባለሙያ ምክሩን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይስጥ፤ ወላጁም ሌላ ባለሙያ የሚጠይቅበት ጊዜ ይኑረው።

በመጨረሻም፣ የዚህ የትምህርት ወቅት ከማለቁ በፊት ርእሳነ መምህራኑ፣ መምህራኑና ባለሙያዎቹ በተገኙበት ስብሰባ እንዲጠራልን እንጠይቃለን። አያቶችም ይመጣሉ፤ የሚናገሩትን የምናስተረጉመው እኛ ነን።

ከአክብሮት ጋር

ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚነገርባቸው ቤቶች ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ